የማን ራስ ነው?

አማርኛ አንዳንድ ጊዜ ሳናስበው ፍልስፍና ይናገርልናል። «ራስ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ራስ አንገታችን ላይ የተቀመጠው፣ ፀጉር የሚበቅልበት፣ ሻሽ የሚታሰርበት፣ ሲያመን «ራሴን!» ብለን በሁለት እጃችን የምንይዘው አካል ነው። ራስ ደግሞ «እኔ» የምንለውም ነገር ነው። «ራሱን ቻለ»፣ «ራሷን ጠበቀች»፣ «ራሱን ሳተ» እንላለን። ራሱን የሳተው ሰው የሳተው ምኑን ነው? ጭንቅላቱን ነው ወይስ ማንነቱን? ቋንቋችን ሁለቱን አልለያቸውም። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ይህንን ነገር የማነሣው የቃላት ፍቺ ለማስተማር ያህል ነበር። ዛሬ የማነሣው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ከሌላ የሰውነት ክፍል ተነሥቶ አንጎል ላይ ስለሚደርስ ካንሰር፣ ስለ ጨረር ሕክምናው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ይደረግለት» ወይም «ይቅርበት» ብሎ የመወሰን ሥልጣን የማን እንደሆነ ላወጋችሁ ነው።

ርእሱ ከባድ ነው፤ ለቅዳሜ ማለዳ ቡና የሚቀርብ አይደለም። ነገር ግን ይህ ጥያቄ የመጣበት ቤት ሲመጣበት ጊዜ አይሰጥም። ቤተሰብ ሳይዘጋጅ፣ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ፣ በለቅሶና በስልክ መሐል ይወስናል። ስለዚህ ማንም ባልታመመበት ቀን ቢያስቡት ይሻላል።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሆነ እንይ። ከሳንባ፣ ከጡት፣ ከቆዳ፣ ከኩላሊት የተነሣ ካንሰር በደም ተጉዞ አንጎል ውስጥ ሊተከል ይችላል። ጡት ላይ ተነሥቶ አንጎል የደረሰ ካንሰር ስሙን አይለውጥም፤ አሁንም የጡት ካንሰር ነው፣ ቤት ለወጠ እንጂ። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚታየው የጠባይ ለውጥ ነው። ዝምተኛው ነገር ፈላጊ ይሆናል፤ ሒሳብ አዋቂዋ መልስ መቁጠር ያቅታታል። ቤተሰብም «ምን ነካው?» ይላል። የነካው ራሱን ነው፣ በሁለቱም ፍቺ።

ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚሰጡት ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ በዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት ስለሚቀንስ፣ ትናንት መነሣት ያቃተው ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥቶ ምሳ ሊበላ ይችላል። ቤቱ በእልልታ ይሞላል፤ የስለት ሻማ ይገዛል። ካንሰሩ ግን እዚያው ነው። መድኃኒቱ ሲቆይ ፊት ያሳብጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል።

ከዚያ ወደ ጨረሩ እንመጣለን። ጨረሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ነጥብ ተኮር ነው። ላርስ ሌክሴል የሚባሉ ስዊድናዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1951 ሐሳቡን አቀረቡ፤ በ1968 ደግሞ ስቶክሆልም ውስጥ የመጀመሪያው ማሽን ሥራ ጀመረ። ማሽኑን «ጋማ ናይፍ» አሉት፣ ስለት የሌለው ቢላዋ እንደማለት ነው። ከብዙ አቅጣጫ የሚመጡ ቀጫጭን ጨረሮች አንዲት ነጥብ ላይ ይገናኙና ዕጢውን ይመታሉ፤ የቀረው የአንጎል ክፍል ብዙም አይነካም። ይህ የሚሆነው ዕጢዎቹ ጥቂትና ትናንሽ ሲሆኑ ነው። ሁለተኛው ጠቅላላ አንጎልን የሚያዳርስ ጨረር ነው። በፊልም የታየውንም ያልታየውንም፣ በሽተኛውንም ጤነኛውንም አንድ ላይ ያዳርሳል። አሰጣጡ ብዙውን ጊዜ በ5 ወይም በ10 ቀን የተከፋፈለ ነው። ሲሰጥ አያምም፤ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሕመምተኛው እንዳይነቃነቅ በፊቱ ልክ የተቀረጸ ጭንብል ይጠለቅለትና ከአልጋው ጋር ይታሰራል። ሁሉም ሰው ወጥቶ በሩ ይዘጋል። በካሜራ ያዩታል፤ እሱ ግን ብቻውን ነው።

ዋጋውስ? የገንዘቡን ለጊዜው እንተወው። ጠቅላላ ጨረር ፀጉር ያረግፋል፣ ያደክማል፣ ያስተኛል። ከባዱ ዋጋ ግን ትዝታ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ከአንድ እስከ ሦስት ዕጢ ያለባቸው 58 ሕሙማን በሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ ነጥብ ተኮሩን ብቻ፣ ገሚሶቹ በላዩ ላይ ጠቅላላውንም ወሰዱ። ከአራት ወር በኋላ ሲታዩ፣ የተነገራቸውን የቃላት ዝርዝር የመማርና የማስታወስ ችሎታቸው በግልጽ የመቀነሱ ዕድል ነጥብ ተኮሩን ብቻ በወሰዱት ዘንድ 24 በመቶ፣ ሁለቱንም በወሰዱት ዘንድ ግን 52 በመቶ ነበር። ልዩነቱ ስለገነነ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ። ሆኖም ጠቅላላው ጨረር ያለ ጥቅም አልነበረም። በዓመቱ አንጎላቸው ውስጥ ካንሰር ዳግም ሳይታይ የቆዩት፣ ጠቅላላውን ከጨመሩት 73 በመቶ፣ ካልጨመሩት 27 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ ሚዛኑን አያችሁት? በአንድ በኩል የዕጢው መገታት፣ በሌላ በኩል የልጅን ስም ሳይሳሳቱ መጥራት።

ሳይንሱ ከዚያ ወዲህ ዝም አላለም። ትዝታን የሚያኖረው የአንጎል ክፍል ሂፖካምፐስ ይባላል። ቅርጹ ስለሚመስል ስሙን ያገኘው የባሕር ፈረስ ከምትባለው ዓሣ ነው። ጨረሩ ይህችን ቦታ እንዲሸሽ አድርጎ፣ ሜማንቲን የሚባል መድኃኒት ጨምሮ መስጠት የአእምሮን መዳከም እንደሚቀንስ 518 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በአንዳንድ የሳንባ፣ የጡትና የቆዳ ካንሰሮች ላይ ደግሞ አንጎል ድረስ ዘልቀው የሚሠሩ አዳዲስ መድኃኒቶች መጥተዋል። ይህ ሁሉ ግን በሽታው ምን ዓይነት እንደሆነ በደንብ ሲመረመር፣ ማሽኑም ባለሙያውም ገንዘቡም ሲገኝ ነው።

አንድ ጥናት ልጨምርና ቁጥሩን እተዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ነው፤ ብሪታንያና አውስትራሊያ ውስጥ 538 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ሁሉም በስፋት የሚታወቀው ዓይነት የሳንባ ካንሰር አንጎላቸው የደረሰ፣ ለቀዶ ሕክምናም ለነጥብ ተኮር ጨረርም የማይመቹ ነበሩ። ለገሚሶቹ ዴክሳሜታዞንና ሌላ አስፈላጊ እንክብካቤ፣ ለገሚሶቹ በዚያ ላይ ጠቅላላ ጨረር ተሰጠ። መካከለኛው ዕድሜ ጨረር ላገኙት 9.2 ሳምንት፣ ላላገኙት 8.5 ሳምንት ሆነ። ሊቃውንቱ ይህን እንደ ልዩነት አይቆጥሩትም። ልብ በሉ፣ «ጨረር አይጠቅምም» ማለት አይደለም። ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆኑት ሊረዝም እንደሚችል ምልክት ታይቷል፤ በሌላ ዓይነት ካንሰር፣ ጠንከር ባለ ሕመምተኛ ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው። ጥናቱ የሚነግረን ግን አለ። «ካልተደረገለት ጣልነው ማለት ነው» የሚለው የቤተሰብ ጭንቀት ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ያለ ጨረርም ሰውን በደንብ ማስታመም ይቻላል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ። ሐኪም የሚያውቀው ሒሳቡን ነው። አንድ ወር ሙሉ አእምሮ ይበልጣል ወይስ ሦስት ወር የደበዘዘ? ይህንን ግን የትኛውም ማሽን አይለካውም። መልሱም ከሰው ሰው ይለያያል። አንዷ እናት «ልጄ ከውጭ እስኪመጣ በምንም መንገድ አቆዩኝ፣ ባላውቀውም እሱ ያየኛል» ትል ይሆናል። አንዱ ሽማግሌ «ንስሐዬን የምናገርበት አፍና ልብ ተዉልኝ፣ ሌላው ይቅር» ይል ይሆናል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ የመለሱት ስለ ገዛ ራሳቸው ነውና። ሚዛኑን ሊይዝ የሚችለው ባለ ራሱ ብቻ ነው።

እኛስ ምን እናደርጋለን? በመጀመሪያ የምናደርገው ለባለ ራሱ መደበቅ ነው።

አንድ የማውቃቸው ጡረተኛ መምህር ነበሩ። ሳንባቸው ላይ የተነሣው ካንሰር አንጎላቸው መድረሱን ፊልሙ ሲያሳይ፣ ሐኪሙ ትልቁን ልጅ ወደ ጎን ጠርቶ ነገረው። በዚያው እሑድ ማታ ልጆቹ በስልክ ተሰበሰቡ። ሁለቱ ከዋሽንግተን፣ አንዷ ከዱባይ፣ ሁለቱ ከአዲስ አበባ፣ አጎታቸውም ተጨምረው። አንዱ ባንኮክ እንውሰደው አለ፤ አንዱ ሕንድ አለ፤ አንዷ ጠበል አለች፤ አንዱ ቤቱ ይሸጥ አለ። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከሩ፣ ተላቀሱ፣ በመጨረሻም ጨረሩ ይሰጠው ተባለ። በዚያ ሁሉ ሰዓት እሳቸው በቀጭን ግድግዳ ወዲያ ሬዲዮ እየሰሙ ነበር። ስድስት ሰው በሦስት አህጉር ድምፅ ሲሰጥ፣ ድምፅ ያልሰጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። በማግስቱ «ለራስ ምታቱ ሕክምና ተገኝቷል» ተባሉ። የፊታቸው ጭንብል ሲቀረጽ «ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ «እንዳይነቃነቁ ነው» ብቻ ተባሉ። መልሱ እውነት ነው፤ ግን የጠየቁት እሱን አልነበረም።

ጨረሩን ጨረሱ። ብዙ ይተኙ ጀመር፤ የጠየቁትን መልሰው ይጠይቃሉ። በሦስተኛው ወር ዐረፉ። ሕክምናውን ባይወስዱ ይሻላቸው እንደነበር ማንም ሊናገር አይችልም፤ እኔም አልልም። እኔን የነካኝ ከአርባቸው በኋላ ሴት ልጃቸው የነገረችኝ ነው።

«ጋሼ፣ አባዬ እኮ ያውቅ ነበር» አለችኝ። «ጨረሩ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ማታ ብቻዬን ጠርቶ የቤቱ ካርታ የት እንዳለ፣ ለማን ብር እንዳለበት ነገረኝ። ምነው አባዬ ስለው፣ ‹ለሁሉም አንድ ሰው ማወቅ አለበት ብዬ ነው› አለኝ። እኛ እሱን ደበቅነው፤ እሱ ደግሞ ማወቁን ደበቀን። እንዳንጨነቅ ብሎ።»

ይህ ታሪክ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በስንቱ ቤት ሕመምተኛው የማያውቅ መስሎ፣ ቤተሰቡ የሚያውቅ ያልመሰለ መስሎ፣ ሁሉም ተዋናይ የሆነበት ቲያትር ይሠራል! ለመሰነባበት የተሰጠችው ሳምንት በትወና ታልቃለች። ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው «የኢቫን ኢሊች ሞት» ይህንኑ ጽፎታል። ኢቫን ኢሊችን ከሕመሙ ይበልጥ ያሠቃየው በዙሪያው ያሉት ሁሉ የሚዋሹት ውሸት ነው። ዕረፍት የሚያገኘው ከማይዋሸው አሽከሩ ከጌራሲም ዘንድ ነው። ድርሰቱ የሩሲያ ነው፤ ቤቱ ግን የእኛም ይመስላል።

ለመደበቅ የሚቀርበውን ምክንያት አልንቀውም። «ቢነገረው ተስፋ ቆርጦ ቀድሞ ይሞትብናል» ይባላል። ይህን የሚሉት የሚወዱት ናቸው፤ የማይወደውማ ምን ገዶት ይደብቃል? ደግሞም በእኛ ዘንድ ሕመም የአንድ ሰው ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። የታመመ ሰው ብቻውን ከሐኪም ጋር ተቀምጦ ወረቀት ላይ ፈርሞ የሚወጣበት ሥርዓት ለብዙዎቻችን ጭካኔ ይመስላል። ሸክሙን ለመካፈል ነው የምንሰበሰበው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ማንም ኋላ ቀርነት ብሎ አይጣልብን።

ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሸክሙን መካፈልና ባለቤቱን መንጠቅ አንድ ናቸው? ክፉ ወሬ የመንገር ጥበብ ያስተማረን የገዛ ባህላችን ነው፤ እሱም መርዶ ነው። ሰው ሲሞት ለዘመዱ በድንገት አንነግርም። ሌሊቱን በሰላም ይደር እንላለን። የሚወዳቸው ሰዎች ይጠራሉ፤ ማልደው ይሄዳሉ፤ የሚይዘው ክንድ፣ ውኃ የሚያቀብል እጅ ቀድሞ ይዘጋጃል። ከዚያ ይነገራል። ልብ ብላችሁ እዩት፤ መርዶ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ዘመዱ ሞቶ ሳለ «ደኅና ነው» እየተባለ ዓመት የከረመ ሰው፣ እውነቱን ያወቀ ዕለት የሚያዝነው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ለሞተው፣ አንዴ ለተዋሸው። እንግዲህ ለቋሚ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ የመርዶው ባለቤት የሆነውን በሽተኛ እንዴት ከመርዶው እናስቀረዋለን? ጊዜ መርጦ፣ ሰው መርጦ፣ ቃል መርጦ መንገር እናውቅበታለን። ያንኑ ጥበብ ከአልጋው አጠገብ ብናመጣው ይበቃል።

«ማወቅ የማይፈልግስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ አለማወቅም መብት ነው። ነገር ግን «አልፈልግም» ማለት የሚችለው የተጠየቀ ሰው ነው። «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ሊነገርዎ ይፈልጋሉ? ለእርስዎ እንንገር ወይስ ለሚያምኑት ሰው?» ብሎ መጠየቅ ማንንም አይገድልም። «ለልጄ ንገሯት፣ እሷ ታውቃለች» ካለ ወሰነ ማለት ነው። ውክልና ሰጠ። ከተነጠቀው ሰው ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። የታመመው አንጎሉ ነው፤ የሚወስነውም በዚያው በታመመው አንጎል ነው። ቃል የጠፋው፣ ቀኑን የረሳ፣ ጠባዩ የተለወጠ ሰው ሲወስን የወሰነው እሱ ነው ወይስ ዕጢው? ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚመልስ ሰው አላምነውም። ለእኔ የሚታየኝ ግን ተቃውሞው ራሱ የሚገፋን ወደ መደበቅ ሳይሆን ቶሎ ወደ መጠየቅ ነው። ሕመሙ ሳንባ ላይ ወይም ጡት ላይ ብቻ ሳለ፣ አእምሮ ሙሉ ሳለ፣ «ነገሩ ቢከፋ ምን እንድናደርግልህ ትፈልጋለህ?» ማለት ነው። በሽታው ቢደበቅ ያንን ጊዜ እናጣለን። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ? ተረቱ የተነገረው ለታማሚው ነበር፤ ዛሬ የሚሸሽገው አስታማሚው ሆነ።

በግልጽ ስለ መናገር ሳስብ የአሜሪካው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ትዝ ይሉኛል። ለእኛ እንግዳ ሰው አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያን መንግሥትና ሻዕቢያን አትላንታ ላይ ያደራደሩ፣ ድርጅታቸውም በትራኮማና በጊኒ ወርም ዘመቻ ሀገራችን ውስጥ ብዙ የለፋ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015፣ በ90 ዓመታቸው፣ የቆዳ ካንሰር ጉበታቸውና አንጎላቸው ላይ መድረሱን ጋዜጠኞችን ጠርተው ራሳቸው ተናገሩ። አንጎላቸው ላይ አራት ትናንሽ ነጠብጣቦች እንደታዩ፣ በዚያው ዕለት ጨረር እንደሚጀምሩ፣ ሲሰሙ የቀራቸው ጥቂት ሳምንት እንደመሰላቸው ሳይደብቁ ነገሩ። የመጨረሻዋ የጊኒ ወርም ከእሳቸው በፊት ብትሞት ደስ እንደሚላቸውም ጨመሩ። ከጨረሩ ጋር ፔምብሮሊዙማብ የሚባለው፣ ያኔ ገና አዲስ የነበረው መድኃኒት ተሰጣቸው። በታኅሣሥ በተደረገው ምርመራ ካንሰሩ አልታይ አለ። ያረፉት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ነው፤ 100 ዓመት ሞልቷቸው ነበር።

ይህን የማነሣው «ተናገሩና ዳኑ» ለማለት አይደለም። የረዳቸው መድኃኒቱና ጨረሩ ነው፤ እንደሳቸው ያለ ሕክምና የሚያገኝ ስንት ሰው አለ? በእኛ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በኮባልት ማሽን የጀመረው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። ጅማን የመሰሉ የክልል ከተሞች ማሽን ያገኙት በጣም ዘግይቶ ነው። ወረፋው ረጅም በሆነበት ቦታ ደግሞ ጊዜ ራሱ ሕክምና ነው። የካርተር ታሪክ የሚያሳየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ዕለት ውጤቱ ጥሩ እንደሚሆን አያውቁም ነበር። ሳያውቁ ነው የተናገሩት። ሞተውም ቢሆን ኖሮ፣ የሞታቸው ባለቤት እሳቸው ነበሩ።

እኔ ለማንም «ታከሙ» ወይም «አትታከሙ» አልልም። የምለው ቤቱ ከመሸጡ፣ ትኬቱ ከመቆረጡ፣ ጭንብሉ ከመቀረጹ በፊት ሐኪሙ አራት ነገር ይጠየቅ ነው። ይህ ጨረር ምን ያህል ዕድሜ ይጨምራል? ምን ይቀንሳል? ሌላ አማራጭ አለ? ባይደረግስ በምን እናስታምመዋለን? መልሱ ሲገኝ ደግሞ በሚወደው ሰው አፍ፣ በሚመቸው ሰዓት፣ በሚችለው መጠን ወደ ታማሚው ይድረስ። ከዚያ ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው። ምናልባት ያልጠበቃችሁትን ይመልሳል። ምናልባት «እናንተ እንዳላችሁ» ይላል። ምናልባት ወንድሙን መታረቅ እንደሚፈልግ ይነግራችኋል። የሚለውን አስቀድሞ የሚያውቅ ማንም የለም፤ ልጅም፣ ሚስትም፣ ሐኪምም፣ እኔም አናውቅም።

ራሱን ጠይቁት።